ከቤት ጀርባ ጥድ ይሻላል ወይስ አፕል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር ሰሞኑን አልግባባ ያልንበት ጉዳይ አለ። ከቤታችን ጀርባ ባዶ መሬት አለን። ርዝመቱ ወደ 12 ሜትር፣ ወርዱ 8 ሜትር ይሆናል። እሱ ጥድ እንትከል ባይ ነው። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ብዙ ውሃ አይፈልግም፣ ነፋስም ይከላከላል ይላል። እኔ የምፈልገው አፕል ነው። አበባውም ያምራል፣ ፍሬውም ይበላል፣ ልጆቹም ደስ ይላቸዋል። እሱ ግን «አፕል ሥራ ያበዛል፣ በየጊዜው መድኃኒት መርጨት ነው» እያለ ያስፈራራኛል። እስኪ ያስታርቁን። ሁለቱንም መትከልስ ይቻል ይሆን?
ውሳኔ የቸገራት

መልስ፦ እህቴ፣ ነገር ሳላንዛዛ ልንገርሽ። በዚህ ስፋት ላይ እኔ ብሆን የምተክለው አፕል ነው። ባለቤትሽ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። ስለ ጥድ ያለው ባብዛኛው እውነት ነው፣ ስለ አፕል ያለውም ግማሹ እውነት ነው። ያላነሳው አንድ ትልቅ ነገር ግን አለ። ጥድ የማይሆን ቦታ ላይ ከተተከለና ካደገ በኋላ ማስተካከያ የለውም። አፕል አለው።

ጥድ ስል ፓይን የሚባለውን ማለቴ ነው፤ መርፌ የመሰለ ቅጠሉ ሁለት፣ ሦስት ወይም አምስት እየሆነ ከአንድ ቦታ የሚወጣውን። ዝርያው ከ100 በላይ ነው። ችግኙን ስትገዙት ጉልበት አይደርስም፣ «ይሄ የት ይደርሳል?» ያሰኛል። ብዙዎቹ ዝርያዎች ግን ከተመቻቸው 20 እና 30 ሜትር ይወጣሉ። ራዲያታ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ገና በልጅነቱ በዓመት ከ1 ሜትር በላይ ሊጨምር ይችላል። የእናንተ መሬት ወርዱ 8 ሜትር ነው። አስቢው እንግዲህ።

«ሲያድግ እንቆርጠዋለን» የሚል አይጠፋም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። አንድ የጥድ ቅርንጫፍ ያዢና ከጫፉ ወደ ግንዱ እያየሽ ሂጂ። ጫፉ አካባቢ አረንጓዴ መርፌ አለ፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ራቁቱን የቀረ ቡናማ እንጨት ነው። መቀሱ አረንጓዴው ላይ ካረፈ ችግር የለም። ቡናማው ላይ ካረፈ ግን ያ ቅርንጫፍ አለቀለት፤ ከጥቂት ዝርያዎች በስተቀር ጥድ ካረጀ እንጨት ላይ አዲስ ቡቃያ አያወጣም። ዋናውን ጫፍ ከቆረጣችሁት ደግሞ ከሥሩ ያሉት ቅርንጫፎች እየተሻሙ ሽቅብ ይወጣሉ፣ ቅርፁም ይበላሻል። ጥድን በመጠን መያዝ የሚቻለው ገና ከትንሽነቱ ጀምሮ ነው። የዕድገቱ ወቅት ሲገባ በየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ «ሻማ» የሚባል ቀጥ ያለ ለስላሳ ቡቃያ ይወጣል። መርፌዎቹ ከመዘርጋታቸው በፊት ያንን ሻማ ግማሹን በጣት መቀንጠብ ነው፣ በየዓመቱ፣ ሳያሰልሱ። ትልቅ የሚሆን ዝርያ ተክሎ ይህንን ዕድሜ ልኩን የሚሠራ ሰው የለም። ጥቂት ዓመት ይሠራል፣ ከዚያ እጁ አይደርስም፣ ከዚያ ዛፉ የራሱን መንገድ ይሄዳል።

የነፋሱን ነገር እንየው። የዛፍ ረድፍ ጥሩ የነፋስ መከላከያ መሆኑ እውነት ነው፣ እንዲያውም ከግንብ ይሻላል፤ ግንብ ነፋሱን ያዘልለውና ከጀርባው ያሽከረክረዋል፣ ዛፍ ግን እያጣራ ያዳክመዋል። በግምት የቁመቱን 10 እጥፍ ያህል ርቀት ድረስ ይጋርዳል። ግን ረድፍ ነው ያልኩት። አንድ ጥድ ብቻውን መከላከያ አይሆንም፣ ነፋሱ በጎንና በጎኑ ያልፋል። ጥድ ደግሞ ሲያረጅ የታች ቅርንጫፎቹን ይጥላል፣ ያኔ ነፋሱ የሚገባው ሰው በሚቀመጥበት ከፍታ ላይ ነው። የእናንተ ቦታ 12 ሜትር ነው፣ ስለዚህ ሂሳቡን ብትሠሩት ክፍተት ያለው 2 ሜትር አጥር ወይም የቁጥቋጦ አጥር ሙሉውን ይሸፍንላችኋል። ለዚህ ሲባል ግዙፍ ዛፍ አያስፈልግም።

ሌላም አለ። ጥድ ሙጫ ያንጠባጥባል፣ ከሥሩ የቆመ መኪና ወይም የተሰጣ ልብስ ካለ ያስቸግራል። መርፌው አሸንዳ ውስጥ ይጠራቀማል። ሙጫውም የደረቀው መርፌም እሳት በቀላሉ ይይዛሉ፣ ስለዚህ በደረቅ አካባቢ ከቤት ግድግዳ አጠገብ መትከሉን እኔ በፍጹም አልመክርም። ሰፊ መሬት ካላችሁ፣ አፈሩ አሸዋማና ደካማ ከሆነ፣ ከቤቱ ራቅ አድርጋችሁ የምትተክሉበት ቦታ ካለ ግን ጥድን የሚስተካከል ዛፍ ብዙ አላውቅም። ሥሩ ላይ ከሚኖር ፈንገስ ጋር ተባብሮ ነው የሚመገበው፣ ለዚያ ነው ሌላው በማይችለው አፈር ላይ የሚያድገው። ክብሩን አልነፍገውም። ቦታው እዚያ አይደለም ነው የምለው።

አሁን ወደ አፕል እንምጣ። የአፕል ትልቁ ጥቅም ቁመቱን ገና ስትገዢው መምረጥ መቻልሽ ነው። የአፕል ችግኝ በደንብ ከተዘጋጀ ሁለት ተክል ነው። ላይኛው ፍሬውን የሚሰጠው ዝርያ ነው። ታችኛው ሥሩን የሚሰጠው ነው፣ ሩትስቶክ ይባላል፣ የዛፉን ቁመት ባብዛኛው የሚወስነውም እሱ ነው። ታዋቂዎቹ እንግሊዝ አገር ኢስት ሞሊንግ በሚባል የምርምር ጣቢያ የተለዩ ናቸው፣ ስማቸው በኤም ፊደል የሚጀምረውም ለዚያ ነው። ኤም 27 ከ2 ሜትር ብዙ አያልፍም። ኤም 9 ከ2 እስከ 3 ሜትር ነው። ኤም 26 ትንሽ ከፍ ይላል፣ ኤምኤም 106 ደግሞ እስከ 4 ሜትር ተኩል ሊደርስ ይችላል። ለእናንተ ቦታ ኤም 9 ወይም ኤም 26 ይበቃል። ኤም 9 ሥሩ ደካማ ስለሆነ ዕድሜ ልኩን የድጋፍ እንጨት ይፈልጋል፤ አለዚያ ፍሬ በያዘ ዓመት ነፋስ ይጥለዋል። ሻጩ ሩትስቶኩ ምን እንደሆነ መናገር ካልቻለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። በዘር የበቀለ አፕል ግን አትግዙ። ፍሬው እናቱን አይመስልም፣ እስኪያፈራ ረጅም ጊዜ ይፈጃል፣ ቁመቱም አይታወቅም።

ስትተክሉ አንድ ነገር አደራ። ከግንዱ ታች እብጥ ያለ፣ ጠመም ያለ መገጣጠሚያ ታያላችሁ፣ ላይኛውና ታችኛው ተክል የተዳቀሉበት፣ ማለትም የተጋጠሙበት ቦታ ነው። እሱ ከአፈር በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል መታየት አለበት። ከተቀበረ ላይኛው ክፍል የራሱን ሥር ያወጣል፣ ያኔ አጭር ይሆናል ያላችሁት ዛፍ ይረዝምባችኋል።

ሁለተኛው ነገር ጓደኛ ነው። አብዛኛው የአፕል ዝርያ በራሱ ብናኝ አያፈራም፣ ሌላ ዝርያ ያስፈልገዋል፣ እሱም ከዚያኛው ጋር በተመሳሳይ ወቅት የሚያብብ መሆን አለበት። ብናኙን የሚያመላልሱት ንቦች ናቸው። ጋላ (Gala) የሚባለውን የአፕል ዝርያ ሁለት አድርጋችሁ ጎን ለጎን ብትተክሉ እንደ አንድ ዛፍ ነው የሚቆጠረው። ጋላና ፉጂ ወይም ጋላና ግራኒ ስሚዝ ብትሉ ግን ይሆናል። ጆናጎልድን ለጓደኝነት አትቁጠሩት፣ ብናኙ ለሌላው አይጠቅምም። ጎረቤት አፕል ካለው አንድም ሊበቃችሁ ይችላል። ሁለትና ሦስት ዝርያ በአንድ ግንድ ላይ የተዳቀለበት ችግኝም አለ፣ ለጠባብ ቦታ ጥሩ መላ ነው።

ሦስተኛው ብርድ ነው፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አፕል እንዲያርፍና እንዲያብብ ቀዝቃዛ ሰዓታት መቁጠር አለበት፣ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሆኑትን ማለት ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች ከ800 እስከ 1000 ሰዓት ይፈልጋሉ። ያን ካላገኙ በምልክቱ ታውቂዋለሽ፦ ቅርንጫፉ መሐሉ ባዶ ሆኖ ጫፉ ላይ ብቻ ጥቂት ቅጠል ይወጣል፣ አበባውም አንዴ ከመፈንዳት ይልቅ እዚህም እዚያም እየተንጠባጠበ ይመጣል። ቅዝቃዜ በማይበዛበት አካባቢ ከሆናችሁ አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉትን ጠይቁ። አና እስራኤል ውስጥ የወጣ ዝርያ ነው፣ ዶርሴት ጎልደን ደግሞ ባሃማስ ደሴቶች ላይ የተገኘ። ሁለቱም ከ300 ሰዓት በታች ይበቃቸዋል፣ አብረው ስለሚያብቡም አንዱ ለሌላው ጓደኛ ይሆናል። ቅዝቃዜ ጨርሶ በሌለበት ግን አፕል አልልሽም፣ እዚያ ሌላ የፍራፍሬ ዛፍ ይሻላል።

አሁን ባለቤትሽ ወደፈራው ሥራ። ሥራ አለው፣ አልዋሽሽም። ግን ባጭር ዛፍ ላይ መሰላል እንኳ ሳትወጡ የምትጨርሱት ነው። አንደኛው መግረዝ ነው፣ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ባረፈበት ጊዜ፤ የደረቀውን፣ የተሻሸውንና ወደ ውስጥ የገባውን ማውጣት። የአፕል እንጨት ይቅር ባይ ነው። ብትሳሳቱ ከአሮጌው እንጨት ላይ አዲስ ያወጣል። በአንድ ዓመት ብዙ አትቁረጡ እንጂ፤ ከሩብ በላይ ከተቆረጠ ቀጥ ብለው የሚወነጨፉ፣ ፍሬ የማይሰጡ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ይበዙበታል።

ሁለተኛው ማሳሳት ነው፣ የበዛውን ፍሬ መቀነስ ማለት ነው፣ ይሄኛውን ልጆቹ ይወዱታል። የአፕል አበባ አምስት ስድስት ሆኖ በዘለላ ነው የሚወጣው። ፍሬው የለውዝ ያህል ሲሆን እያንዳንዱን ዘለላ ያዙና ትልቁንና ጤነኛውን አንድ ብቻ አስቀሩ፤ በፍሬና በፍሬ መካከል ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይኑር። ልባችሁ ቢሳሳ እንኳ እጃችሁ አይሳሳ። ሳይቀነስ ከቀረ ዛፉ አንድ ዓመት በትናንሽ ፍሬ ይጨናነቅና በቀጣዩ ዓመት ባዶውን ይቆማል፣ በዚያው ልማድ ይሆንበታል።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ለገበያ የሚያመርት ገበሬና ለልጆቹ ሁለት ዛፍ የተከለ ሰው እኩል አይረጩም። ስካብ የሚባለው፣ ቅጠልና ፍሬ ላይ ጥቁር ሻካራ ነጥብ የሚያወጣው ፈንገስ የሚያድረው በወደቀ ቅጠል ላይ ነው፤ ቅጠሉን ጠርጋችሁ ካነሳችሁ፣ ዛፉንም አየር እንዲያስገባ አድርጋችሁ ከገረዛችሁት በጣም ይቀንሳል። ስካብን የሚቋቋሙ ዝርያዎችም አሉ። ፍሬው ውስጥ የሚገባው ትል የኮድሊንግ የእሳት እራት ልጅ ነው። ትል ያለበትንና የወደቀውን ፍሬ ቶሎ ማንሳት፣ ካሳሳችሁ በኋላ ደግሞ የቀረውን ፍሬ በወረቀት ከረጢት መሸፈን ብዙ ይረዳል። ጥቂት ነጠብጣብ ያለበት አፕል ጣዕሙ ያው ነው።

ሁለቱንም መትከል ይቻላል ወይ ላልሽው፣ ይቻላል፣ ግን ጥዱ ድንክ መሆን አለበት። ሙጎ የሚባል የተራራ ጥድ አለ። «ሙጎ» ብቻ ተብሎ ከተሸጠላችሁ ብዙ ሜትር ሊሆን ስለሚችል የዝርያውን ስም ጠይቁ። ሞፕስ የሚባለው ለምሳሌ ቀስ ብሎ አድጎ 1 ሜትር አካባቢ የሚቆም ክብ ነገር ነው። እሱን ጥላው አፕሎቹ ላይ በማያርፍበት ጥግ ትከሉት። ባለቤትሽ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴውን ያገኛል፣ አንቺም ሁለት አፕል በ3 ሜትር ርቀት ላይ። ኤም 9 ላይ ከሆኑ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ፍሬ ታያላችሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ትልቅ ጥድ አለ፣ ከሥሩ ሣር እንኳ አይበቅልም። መርፌው አፈሩን አሲዳማ ስላደረገው ነው ይሉኛል። ኖራ ጨምሬበት አፕል ልተክልበት አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?
አሮጌው አትክልተኛ

መልስ፦ አባቴ፣ ኖራውን ለጊዜው ያቆዩት። ይህ ወሬ በጣም የተስፋፋ ነው፣ ግን ጥፋቱ የመርፌው አይደለም። ትኩሱ መርፌ አሲድነት አለው፣ ሲበሰብስ ግን ይጠፋል፣ የአፈሩን ጠባይ የሚለውጠውም እዚህ ግባ በማይባል መጠን ነው። ሣር የሚከለክለው ሌላ ነው። ጥላው ዓመቱን ሙሉ አይነሳም። ዝናቡን ቅርንጫፎቹ ይይዙታል። የደረሰችውን ጥቂት ውሃ ደግሞ ከላይ ከላይ የተዘረጋው ሥር ይጠጣታል። አፈሩን ከዛፉ ሥርና ከግቢው ሌላ ጫፍ ወስደው ቢያስመረምሩ ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ ያገኙታል ብዬ እገምታለሁ። አፕል የሚወደው ፒኤች (የአፈር አሲዳማነት መለኪያ) ከ6 እስከ 7 ነው። ሳይመረመር ኖራ ከበዛ ብረት የመሰሉ ንጥረ ነገሮች ለተክሉ አይደርሱትም፣ ቅጠሉ ይገረጣል።

ስለዚህ ከጥዱ ሥር አፕል አይትከሉ፣ ኖራም ማዳበሪያም አያድነውም። የጥድ ሥር ከቅርንጫፉ ጥላ አልፎ ይሄዳል፣ ስለዚህ ራቅ ያድርጉት። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይምረጡ። ዛፉን መቁረጥ ግን አያስፈልግዎትም፣ ጤነኛ ከሆነ ይቁም። የሚረግፈውን መርፌ ሰብስበው በአፕሉ ዙሪያ ጉዝጓዝ ያድርጉት፤ እርጥበት ይይዛል፣ አረም ያፍናል። ግንዱን እንዳይነካ ብቻ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ይተዉለት።

እግረ መንገዴን፣ ጥድዎ በየዓመቱ ከውስጥ በኩል መርፌው ቢጫ ሆኖ ቢረግፍ አይደንግጡ። መርፌ እንደ ዝርያው ባብዛኛው ከ2 እስከ 4 ዓመት ይቆይና ይወድቃል። የሚያሳስበው የቅርንጫፉ ጫፍ፣ አዲሱ መርፌ፣ መጠውለግ ወይም መቅላት ሲጀምር ነው። ያን ካዩ ባለሙያ ይጥሩ።

ጥያቄ፦ ሰላም! ጥድ ካለበት ግቢ አፕል ከተተከለ አፕሉ ይታመማል የሚባለው እውነት ነው?
ጀማሪው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነገሩ መሠረት አለው፣ ግን ዛፉ ተምታቶ ነው። ሴዳር አፕል ረስት የሚባል የዝገት በሽታ አለ፣ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በደንብ ይታወቃል። የሚያመጣው ፈንገስ ኑሮውን የሚጨርሰው በሁለት ተክሎች ላይ እየተፈራረቀ ነው፤ አንዱ አፕል ነው፣ ሌላው ጁኒፐር፣ የሐበሻ ጥድ የሚባለው ዛፍ ወገን። ጁኒፐሩ ላይ እብጠት ይሠራል፣ በእርጥብ ጊዜ ከእብጠቱ ብርቱካናማ የሚያዳልጥ ጣት መሳይ ነገር ይወጣል፣ ከዚያ የፈንገሱ ብናኝ በነፋስ ወደ አፕል ቅጠል ሄዶ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ፓይኑ በዚህ ውስጥ የለበትም። ጁኒፐር ካለህ ግን፣ በሽታውም አካባቢህ ካለ፣ የሚቋቋም የአፕል ዝርያ ምረጥ። ብናኙ ሩቅ ስለሚጓዝ የራስህን ጁኒፐር መንቀል ብቻውን አያስተማምንም።

ፓይኑ የራሱ የዝገት በሽታ አለው፣ አምስት መርፌ ያላቸውን ነጭ ፓይኖች የሚያጠቃ። የእሱ ተቀያሪ ግን ከረንት እና ጉዝቤሪ የሚባሉት ቁጥቋጦዎች ናቸው እንጂ አፕል አይደለም።

ጥያቄ፦ መሬት የለኝም፣ በረንዳ ብቻ። በማሰሮ ከሁለቱ የትኛው ይሆናል?
ከአራተኛ ፎቅ

መልስ፦ ሁለቱም ይሆናሉ። አፕል ከሆነ ኤም 9 ወይም ኤም 26 ላይ የተዳቀለ፣ አፉ ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ማሰሮ፣ ከታች ውሃ የሚያወጣ ቀዳዳ ያለው። በሙቀት ጊዜ በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል፣ አንድ ሳምንት ትተሽው ከሄድሽ ፍሬውን ያራግፋል። ድንኩ ጥድ በዚህ ይሻላል፣ ቶሎ አይቀየምም፤ ውሃ ከሚያንሰው ይልቅ ሥሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም ነው የሚሞተው። ብዙ ጊዜ ከቤት የምትርቂ ከሆነ ጥዱን ውሰጂ። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ቆመሽ ውሃ ማጠጣት የሚያስደስትሽ ከሆነ ደግሞ አፕሉን። እሱንም ከመግዛትሽ በፊት በረንዳሽ ስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኝ አንድ ሙሉ ቀን ተቀምጠሽ እዪው። ከ6 ሰዓት ካነሰ አፕሉን ተይው።